ከሥራ በተረፈች ሰዓት

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወጣው መንገድ ቡራዩን፣ መናገሻንና ሆለታን አልፎ አዲስ ዓለም ሲደርስ ባሕር ዛፉ በግራም በቀኝም ይበዛል። ረዳቶቹ «ጊንጪ! አምቦ! ጉደር!» እያሉ ይጣራሉ፤ ወደ ገበያ ጤፍ የጫኑ አህዮች ከታክሲዎቹ መካከል እየተጋፉ ያልፋሉ። ከከተማዋ በላይ ኮረብታው ላይ የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይታያል።

የዚህችን ከተማ ታሪክ ብዙ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። አዲስ አበባ ማገዶ አጥሯት በተጨነቀችበት በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደዚህ ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ በቶሎ ደረሰ፤ በአዲስ አበባ ቤት የሠራውም ሁሉ መነሣት አልፈለገም፤ ስለዚህ ዋና ከተማዋ ባለችበት ቀረች። የአዲስ ዓለሙ ግንባታ ለማርያም ተሰጠ። ይህን በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ ለጎረቤቱ ይተርክለታል። በ1908 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ ዓለም ስለተወለዱት ሴት ደራሲ ግን የሚያወራ ብዙ አይገኝም። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ይባላሉ።

ስማቸው ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት መሆናቸው ነው። ደራሲነታቸው ኋላ ይመጣል፤ ጨርሶ የሚረሳበትም ጊዜ አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ደራሲ ሲባል በአንባቢው ሐሳብ የሚመጣው ሌላ ዓይነት ሰው ነው፤ ቀን ተኝቶ ሌሊት የሚነቃ፣ ከመሥሪያ ቤት የተጣላ፣ ቤት ንብረት የማይገደው። የትምህርት ቤት መዝገብ የምትይዝ፣ ስለ ተማሪዎች ቀለብ የምትጨነቅ ሴት ወደዚያ ሥዕል አትገባም።

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍን ታሪክ ገልጦ ላየ ግን እውነቱ ከስንዱ ጋር ነው። ትልልቆቹን መጻሕፍት የጻፉት ሌላ ሥራ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ አምባሳደር፣ የጋዜጣ አዘጋጅ፣ መምህር ነበሩ። በ1949 ዓ.ም. «መስከረም» የተባለውን የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ያሳተመው ታደሰ ሊበን የባንክ ሠራተኛ ነበር። እነዚህ ሰዎች የጻፉት ከሥራ በተረፈች ሰዓት ነው፤ ያቺ ሰዓት ረዘመችም አጠረች፣ ሌሊት ሆነችም ንጋት፣ በመጽሐፉ ላይ መልኳን ጥላለች።

የደወል ቀን

ስንዱ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። አባታቸው በልጅነታቸው በሚሲዮናውያን እጅ ከአገር ወጥተው የተማሩ፣ በኋላም የጎንደርና የአዲስ አበባ ከንቲባ የሆኑ ሰው ነበሩ። ሴት ልጅ ፊደል ከቆጠረች በቂ ነው በሚባልበት ዘመን ሴቶች ልጆቻቸውን ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ላኩ። ስንዱ እዚያ ሥነ ጽሑፍ ተምረው ተመለሱና በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ የጣሊያን ወረራ መጣ። ወደ ምዕራብ ካፈገፈጉት አርበኞች ጋር ሄዱ፤ ቁስለኛ ሲያስታምሙ ቆዩ፤ ተማርከውም ወደ ጣሊያኗ አሲናራ ደሴት ተጋዙ።

ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ። ትምህርት ቤቱን በመምራት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። የአዳሪ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ቀን ምን እንደሚመስል በአዳሪ ቤት ያደጉ ሴቶች ያውቁታል። ደወል ሲደወል መማሪያ ክፍሎቹን መዞር፣ ደወል ሲደወል ምሳ ቤቱን ማየት፣ ያመማትን ልጅ ሐኪም ዘንድ መላክ፣ ልጁን ሊጠይቅ ከሩቅ አገር የመጣውን አባት ማስተናገድ፣ ከውጭ አገር መምህራን ጋር ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ መከራከር። ማታም ቢሆን ሥራው አያልቅም፤ ልጆቹ የሚያድሩት እዚያው ነው።

በዚህ መካከል ስንዱ ተውኔት ይጽፉ ነበር። የጻፉት ተማሪዎቻቸው እንዲጫወቱት ነው። በ1942 ዓ.ም. ግጥሞቻቸውንና ተውኔቶቻቸውን የያዘው «የልቤ መጽሐፍ» ታተመ።

ስንዱ ለምን ተውኔት እንጂ ልብ ወለድ አልጻፉም ብሎ መጠየቅ ይገባል። በፈረንሳይኛ ቋንቋ ረጃጅም ልብ ወለዶችን ያነበቡ፣ ጦርነትም እስርም ያዩ ሴት ናቸው፤ ለታሪክ የሚሆን ነገር አላጡም። መልሱ ሰዓታቸው ውስጥ ነው። የትምህርት ቤት ተውኔት የሚደርስበት ቀን አለው፤ የዓመቱ መዝጊያ ወይም በዓሉ። ተጫዋቾቹ እዚያው ናቸው፤ ተመልካቹም ይመጣል። በደወልና በደወል መካከል አንድ ትዕይንት መጻፍ ይቻላል፤ ማታ ለልጆቹ አንብቦ ጠዋት ማረም ይቻላል። ልብ ወለድ እንዲህ አይደለም። ለወራት ማንም የማይጠይቀው፣ ማንም የማይጠብቀው፣ ያለማቋረጥ አእምሮ ውስጥ መኖር የሚፈልግ ሥራ ነው። ዳይሬክተሯ እንዲህ ያለ ወር አልነበራቸውም፤ ባላቸው ሰዓት ሊጨርሱት የሚችሉትን ጻፉ፤ ጨረሱትም።

*«ባላቸው ሰዓት ሊጨርሱት የሚችሉትን ጻፉ፤ ጨረሱትም።»*

ከአንድ ጦር የወጡ

ስንዱ አብረውት የዘመቱት ጦር መሪ ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። በ1929 ዓ.ም. እጃቸው ተይዞ ወደ ጣሊያን ተወሰዱ። ከተከታዮቻቸው አንዱ ከጎጃም የመጣ ወጣት መምህር ሐዲስ ዓለማየሁ ነበር፤ እሱም ተማርኮ በጣሊያን ደሴቶች ታሰረ። አንድ ጦር ሦስት ደራስያን ማፍራቱ ያስገርማል። ራስ እምሩ «ፊታውራሪ በላይ» የተባለውን ልብ ወለድና ትዝታቸውን ጻፉ። ስንዱ ተውኔቶቻቸውን ጻፉ። ሐዲስ ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን።

ሐዲስ ዓለማየሁ ከነፃነት በኋላ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በመንግሥት ሥራ ነው። በኢየሩሳሌም ቆንስላ፣ በዋሽንግተን፣ በተባበሩት መንግሥታት፣ በሚኒስትርነትም አገለገሉ። በ1950ዎቹ በለንደን አምባሳደር ነበሩ። ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነውን ልብ ወለዳቸውንም በዚያ ዘመን እንደጻፉት ይነገራል፤ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አንድ አምባሳደር ቀን ደብዳቤ ሲፈርም፣ እንግዳ ሲቀበል፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚጠይቀውን ሲመልስ ይውላል። ማታ ግብዣ አለ። ይህ ሁሉ አድካሚ ቢሆንም አንድ መልካም ነገር አለው፤ ልማድ ያለው ሥራ ነው። የሚነሡበትና የሚገቡበት ሰዓት ይታወቃል፤ ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፤ በየቀኑ ለቅሶ የሚጠራ ጎረቤት፣ ጉዳይ ይዞ በር የሚያንኳኳ ዘመድ የለም። ከአገር የራቀ ሰው ደግሞ አገሩን በሐሳብ አጥብቆ ያያል። የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ጎጃም፣ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት፣ የጉዱ ካሣ ንግግር፣ የቤተ ክህነቱ ሥርዓትና የገበሬው ግብር እንዲያ ሰፍቶና ተዘርዝሮ የተጻፈው ያ ርቀትና ያ የተወሰነ ሰዓት ስለነበሩ ይመስላል። መጽሐፉ አይቸኩልም። አንድ ሰው ከመናገሩ በፊት ልብሱን፣ አቀማመጡን፣ ወገኑን እንድናውቅ ያደርጋል። ይህ የባለ ረጅም ምሽት ሰው አጻጻፍ ነው።

ኋላ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲያነበው መጽሐፉ ማንበብ ወደማይችለውም ሰው ደረሰ። በዕድሜ የገፉ የአዲስ ዓለምና የአምቦ ሰዎች ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲጠየቁ ብዙዎቹ ቀድመው የሚያነሡት የወጋየሁን ድምፅ ነው፤ መጽሐፉን በእጃቸው የያዙት ከዚያ በኋላ ነው።

ማተሚያ ቤት የነበራቸው ሚኒስትር

ከሐዲስ በፊትም ነገሩ እንዲሁ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ሳለ ይጽፉ ነበር፤ ጎሐ ጽባሕ የተባለ የራሳቸው ማተሚያ ቤትም ነበራቸው። በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙት ልብ ወለድ ስሙ ከዚህችው ከተማ ጋር አንድ ነው፤ «አዲስ ዓለም»። ታሪኩ ግን ስለ ከተማዋ አይደለም። ዐወቀ የተባለ የተጉለት ወጣት በፈረንሳይ ተምሮ ሲመለስ ከወገኖቹ ጋር በተዝካርና በሠርግ ወግ እንዴት እንደሚጋጭ ይተርካል። መጽሐፉ አጭር ነው፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ነገር አስረድቶ ያልፋል። ጠዋት ለሌላው መንግሥት መልስ ሲያዘጋጅ የዋለ ሰው፣ ሲመሽ ለወገኑ መልስ እንደሚጽፍ ያህል ነው።

ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸውም ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ተውኔትና ልብ ወለድ ከመጻፍ አልቦዘኑም። በዚያን ዘመን የማተም ዕድልና የአንባቢ ዕድል በሥልጣን አጠገብ ነበር የሚገኘው፤ ስለዚህ መጻፍ የሹማምንት ሥራ መስሎ መታየቱ አይገርምም።

ከዜና ክፍል

በ1950ዎቹ ሌላ ዓይነት ደራሲ መጣ፤ ጋዜጠኛው።

ብርሃኑ ዘርይሁን ከጎንደር መጥቶ ተግባረ እድ የተማረ፣ በኋላም በ«የኢትዮጵያ ድምፅ»ና በ«አዲስ ዘመን» የሠራ ሰው ነው። ስለ አጻጻፉ የሚያወሩ ሐያስያን የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው። ከእሱ በፊት የነበረው የአማርኛ ዝርው ከቤተ ክህነት የወረሰው ረጅም፣ ተጠላላፊ አነጋገር ነበረው። ብርሃኑ ቆረጠው። የጋዜጣ ሰው ዓምዱ የተወሰነ ነው፤ ማተሚያው አይጠብቀውም። በቀን ሲሠራበት የዋለው እጅ ማታ ቤቱ ሲገባ አይለወጥም። የስድሳ ስድስቱን ረኀብና አብዮት የሚተርከው ባለ ሦስት ክፍሉ «ማዕበል» እንኳ ከዜና ክፍል የመጣ ፍጥነት አለው።

በዓሉ ግርማን ግን ከዚህ ጠለቅ አድርጎ ማየት ይገባል።

በዓሉ ኢሉባቦር፣ ሱጴ ተወልዶ፣ በጄኔራል ዊንጌት ተምሮ፣ ጋዜጠኝነትን በአዲስ አበባና በአሜሪካ ያጠና ሰው ነው። «መነን»ን፣ «አዲስ ሪፖርተር»ን፣ «አዲስ ዘመን»ን፣ «ኢትዮጵያን ሄራልድ»ን አዘጋጅቷል፤ በመጨረሻም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆነ። ይህ ሁሉ ጠዋት የሚጀምር፣ ማታ የማያልቅ ኃላፊነት ነው። በዚህ መካከል «ከአድማስ ባሻገር»ን፣ «የኅሊና ደወል»ን፣ «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ን፣ «ደራሲው»ን፣ «ሀዲስ»ን ጻፈ። ብዙ የሙሉ ጊዜ ደራሲ ይህን ያህል አልጻፈም።

«ደራሲው» ለዚህ ዘገባ ጉዳይ የተጻፈ ይመስላል። ሲራክ የተባለ ደራሲ ከኑሮው፣ ከትዳሩ፣ ከጓደኞቹና ከመጠጡ ጋር ሲታገል ያሳያል፤ ገጸ ባሕርዩ በደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር አምሳል መቀረጹን የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ሁሉ ያወራሉ። የሚደንቀው ይህ ነው፤ ከሥራ የተፋታውን፣ በየመንደሩ ሲዞር የሚውለውን ደራሲ የጻፈው ቢሮ ገብቶ የሚወጣው ደራሲ ነው። አንባቢው በአእምሮው የያዘውን የደራሲ ምስል በከፊል የሠራው ይህ መጽሐፍ ሳይሆን አይቀርም። ስብሐት ራሱም ቢሆን የሚወራለትን ያህል ሥራ ፈት አልነበረም፤ አስተምሯል፤ በ«መነን»ና በ«አዲስ ዘመን» ሠርቷል፤ ለብዙ ዓመታት ዓምድ ጽፏል።

ከዚያ «ኦሮማይ» መጣ። በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ በዓሉ ለፕሮፓጋንዳው ሥራ ወደ አስመራ ተላከ። የዕለት ሥራው ድሉን ማወጅ ነበር። ያየውን ግን በልብ ወለድ ጻፈው፤ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ወጣ፤ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።

ሥራና ድርሰት እንዲህ ሲጋጩ ማስታረቂያ የለም። ሥራው የመጽሐፉን ጉዳይ በእጁ አስቀመጠለት፤ ያንኑ ጉዳይ መጻፉ ሥራውንም ሕይወቱንም ወሰደበት። በዓሉ መጽሐፉን ደብቆ ማቆየት ይችል ነበር፤ በስሙ አሳተመው። ስለ ደራስያን ኑሮ የሚያወራ ሁሉ ይህን ድፍረት ከኑሮ ዘዴ በላይ ማየት አለበት። «ኦሮማይ» ዛሬም በየመንገዱ ይሸጣል፤ በቅርቡም በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር ታትሟል።

*«ሥራው የመጽሐፉን ጉዳይ በእጁ አስቀመጠለት፤ መጻፉ ሥራውንም ሕይወቱንም ወሰደበት።»*

በብዕር ብቻ

ከደመወዝ ወጥቶ በብዕሩ ለመኖር የቆረጠው የጎጃሙ አቤ ጉበኛ ነው። «አልወለድም»ን በ1955 ዓ.ም. ሲያሳትም መጽሐፉ ታገደ፤ አቤም በኋላ ወደ ጎሬ ተጋዘ። ያም ሆኖ ከሃያ በላይ መጻሕፍት አወጣ። አንባቢዎች የአቤ መጻሕፍት እንደማይመጣጠኑ ይናገራሉ፤ አንዱ ይበረታል፤ ሌላው ቸኩሎ የተጻፈ ይመስላል። ነገሩ እውነት ነው፤ ፍርዱ ግን ርኅራኄ ያስፈልገዋል። ከመጽሐፍ ሽያጭ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው አንዱን መጽሐፍ ዐሥር ዓመት ሊያሽ አይችልም። ደመወዝተኛው ደራሲ ሰዓት ያጥረዋል እንጂ መጽሐፉን ሳይጨርስ ገበያ የሚያወጣው ችግር የለበትም። አቤ ሰዓቱን ሁሉ አገኘ፤ መዘግየት ግን አልቻለም።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ግብፃዊው ናጊብ ማኅፉዝ በ1988 (እ.ኤ.አ.) የኖቤልን ሽልማት ሲያገኝ አብዛኛውን ዕድሜውን በመንግሥት ሠራተኛነት አሳልፎ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር፤ ከቢሮ ተመልሶ ነበር የሚጽፈው። አሜሪካዊቷ ቶኒ ሞሪሰን በራንደም ሐውስ አሳታሚ ድርጅት አርታኢ ሆና ሁለት ወንዶች ልጆቿን ለብቻዋ ስታሳድግ፣ የምትጽፈው ልጆቹ ሳይነሡ በንጋት ነበር።

የቦዳው ልጅ

መንገዱ ከአዲስ ዓለም ጊንጪን አልፎ አምቦ ይደርሳል። ከአምቦ አጠገብ ባለችው ቦዳ በ1928 ዓ.ም. ፀጋዬ ገብረ መድኅን ተወለደ። አባቱ የአካባቢው ኦሮሞ፣ እናቱ ከአንኮበር ናቸው፤ ልጁ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል አደገ፤ ግዕዝና ቅኔም ተማረ። ገና በአምቦ ትምህርት ቤት ሳለ የጻፈው ተውኔት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት መቅረቡ እስከ ዛሬ ይወራል።

ሎሬት ፀጋዬ ልብ ወለድ ጸሐፊ አይደለም፤ ግን ከሥራው ጋር የኖረበት መንገድ ከዚህ ጉዳይ ጋር ይገጥማል። በአገር ፍቅርና በውጭ አገር ትያትሮች ብዙ ካየ በኋላ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል የነበረውን ትያትር መራ። የትያትር ዳይሬክተር የሚጽፍ ብቻ ሳይሆን የሚያስተዳድርም ነው፤ የተጫዋቾች ጠብ፣ የበጀት ደብዳቤ፣ የሳንሱር ጥሪ፣ የመብራት ብልሽት ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። ግን የሚጽፈው ቃል በማን አፍ እንደሚወጣ ያውቃል። «የከርሞ ሰው»ም ሆነ «ሀ ሁ በስድስት ወር» የመድረኩን ስፋትና የተጫዋቹን ትንፋሽ ከሚያውቅ እጅ የወጡ ናቸው። እንደ ስንዱ ሁሉ ሥራው መድረክ ሰጠው፤ እሱም ለመድረኩ ጻፈ።

በአምቦ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ስለ ፀጋዬ ሲያወሩ ኩራታቸው አይደበቅም። ግን አንድ ቅሬታ ያክላሉ፤ ከዚህ አካባቢ የወጣ ደራሲ ታዋቂ የሚሆነው አዲስ አበባ ሲገባ ነው፤ እዚህ ሆኖ የሚጽፈውን ማንም አያየውም።

ጭቃ ቤት፣ የፈተና ወረቀት

እዚህ ሆነው የሚጽፉት አብዛኞቹ መምህራን ናቸው። በአዲስ ዓለምም በጊንጪም በአምቦም የቋንቋ መምህር ቤት ገብቶ ጠረጴዛውን ያየ ሰው የሚያገኘው ተመሳሳይ ነው። ያልታረመ የፈተና ወረቀት ክምር አለ። ቀይ እስክሪብቶ አለ። በነጭ ወረቀት የተሸፈነ የትምህርት ዕቅድ ደብተር አለ። ደብተሩ ከፊት ሲገለጥ የሳምንቱ ዕቅድ ነው፤ ዓላማ፣ የማስተማሪያ ዘዴ፣ ግምገማ። ከኋላ ሲገለጥ ልብ ወለድ ነው፤ በጥቃቅን ፊደል፣ ኅዳጉ ሳይቀር ሞልቶ፤ አልፎ አልፎ ከገጸ ባሕርያት ስም አጠገብ የተማሪ ውጤት ተደምሯል። ሁለቱ ጽሑፎች በየሳምንቱ እየተቀራረቡ መካከል ላይ ይገናኛሉ፤ ያኔ አዲስ ደብተር ይጀመራል።

ለእንዲህ ያለው ጸሐፊ የቀኑ ሰዓት አይቆጠርም። ጠዋት ክፍል አለ፤ ከሰዓት ክፍል አለ፤ ማታ የግል አስጠኚነት አለ፤ ደመወዙ ብቻውን አይበቃምና። ቅዳሜ ዕድር አለ። ሰው ከሞተ ቀብር መውጣት፣ ድንኳን መትከል፣ ሦስት ቀን መቀመጥ ግዴታ ነው፤ የቀረ ይቀጣል፤ ከቅጣቱ በላይ ደግሞ ሰው ይታዘበዋል። ከዚያ ማኅበሩ፣ ሰንበቴው፣ ክርስትናው ይከተላል። አውሮፓዊው ደራሲ በሩን ዘግቶ ይጽፋል ሲባል እንሰማለን። እዚህ በሩን የዘጋ ሰው ታሟል ተብሎ ይጠየቃል።

የሚጽፉት መምህራን ይህን ሁሉ ሸክም አድርገው ብቻ አያዩትም። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ይሰማል። ስለ መሬት ክርክር፣ ስለ ልጅ መኮብለል፣ ስለ ዐረብ አገር ሄዳ ስለቀረች እህት የሚወራው እዚያ ነው። ከጽሑፍ ሰዓታቸው የተወሰደው በሌላ መንገድ ወደ ጽሑፋቸው ይገባል። ችግሩ የሰሙትን የሚያስቀምጡበት ጸጥታ ማጣታቸው ነው። ልጆቹ ሲተኙ መብራት ይሄዳል። ብዙዎቹ በስልክ መጻፍ የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ስልክ ብርሃኑን ይዞ ይመጣል። ነገር ግን በስልክ የተጻፈው ልብ ወለድ ምዕራፉ ያጥራል፤ ንግግር ይበዛዋል፤ ስለ መልክዓ ምድሩ የሚተርክ ረጅም አንቀጽ አይገኝበትም። አንድ አርታኢ እንዲህ ያለውን ረቂቅ ሲያነብ በስልክ መጻፉን ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ እንደሚያውቅ ይናገራል።

ሌላም አለ፤ ቋንቋ። በዚህ ምድር ገበያው፣ ጓዳውና ለቅሶው በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ ነው። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ቁቤ የትምህርት ቤት ፊደል ከሆነ ወዲህ በአፋን ኦሮሞ የሚጽፍ ትውልድ ወጥቷል፤ የኢሳያስ ሆርዶፋ «ዮሚ ላታ» ብዙ ተማሪ የሚያነበው ልብ ወለድ ሆኗል። በአማርኛ የሚጽፈው የአዲስ ዓለም መምህር ገጸ ባሕርያቱ በሌላ ቋንቋ ሲናገሩ ይሰማል፤ እያንዳንዱን ምልልስ አንድ ጊዜ ሰምቶ ሌላ ጊዜ ይጽፈዋል። ይህ ድካም ነው፤ ግን በአማርኛው ላይ ከአዲስ አበባ የማይገኝ ምት ያመጣል። ፀጋዬም ከዚሁ ነው የመጣው።

ጓዳው የሚጠይቀው

ስለ ወንድ ደራስያን ሰዓት ሲወራ ያ ሰዓት ከየት እንደመጣ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። አባወራው ሲጽፍ ልጆቹን ዝም የምታሰኝ፣ እንግዳውን በር ላይ የምትመልስ፣ ቡናውን አፍልታ የምታስቀምጥ ሴት አለች። በቀደመው ዘመን የጽሕፈት መኪና የመታች፣ ረቂቁን ያነበበች ሚስትም ነበረች። ይህም መጽሐፍ ከመጻፍ ያልተናነሰ ሥራ ነው።

ሴቷ ራሷ ደራሲ ስትሆን ያንን ሥራ የሚሠራላት አይገኝም። በአማርኛ ልብ ወለድ የሴት ደራስያን ቁጥር ማነሱ ከችሎታ አይደለም። «ቋሳ»ን የጻፈችው ፀሐይ መላኩን፣ «ምንትዋብ»ን የጻፈችው ሕይወት ተፈራን ያነበበ ሰው ይህን አይጠራጠርም። በአሜሪካ የምትኖረው ደራሲት መዓዛ መንግሥቴ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ የሆነላትን «ዘ ሻዶው ኪንግ» ስትጽፍ ለዓመታት የደከመችበትን የመጀመሪያ ረቂቅ ጥላ እንደገና መጀመሯን ተናግራለች። ረቂቅ ጥሎ እንደገና ለመጀመር ጊዜና ድፍረት ያስፈልጋል። እንጀራ የሚጋገርበት፣ ውኃ ወረፋ የሚጠበቅበት፣ የታመመ ልጅ ያለበት ቤት ያንን ጊዜ ለእናት አይሰጥም።

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የሚጽፉ ሴቶች አሉ። የሚጽፉት ግጥምና አጭር ታሪክ ነው፤ ሲጠየቁም ረጅም ሥራ የመጀመር ሐሳብ ልጆቹ እስኪያድጉ እንደቆየ ይናገራሉ። ይህም ስንዱን ከሰባ ዓመት በፊት ካጋጠማቸው የተለየ አይደለም።

እስከ ማተሚያ ቤት

ደብተሩ ሲያልቅ ሌላው ሥራ ይጀምራል። ረቂቁ ወደ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። የከተማው ኮምፒውተር ቤት ቀኑን የሚውለው ማመልከቻና የቤት ኪራይ ውል ሲጽፍ ነው፤ ልብ ወለድ ሲመጣለት የሚነካው ሥራ ሲቀዘቅዝ ነው። ጸሐፊዋ ከእጅ ጽሑፉ ያልገባትን በራሷ ግምት ትሞላዋለች፤ ደራሲው አንድ በአንድ ይለቅማል። ከዚያ አርታኢ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መመላለስ ይመጣል፤ የሚሄደው ቅዳሜ ነው፤ ዕድር በሌለበት ቅዳሜ።

በኩራዝ ዘመን አሳታሚ ነበር፤ ደራሲው ረቂቁን ሰጥቶ የሳንሱሩን መልስ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ሳንሱሩ በሌለበት፣ አብዛኛው ደራሲ የኅትመቱን ዋጋ የሚከፍለው ራሱ ነው። ወረቀት ከውጭ ይመጣል፤ ምንዛሪው ሲወጣ የወረቀቱም ዋጋ ይወጣል። የማተሚያ ቤት ሠራተኞች እንደሚሉት ጥቂት ቅጂ ማሳተም ለአንዱ ቅጂ ብዙ ያስከፍላል፤ ብዙ ማሳተም ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚገኝ ገንዘብ ይጠይቃል። መምህሩ ከዕቁብ ያወጣል፤ ከቁጠባ ማኅበር ይበደራል። የመጽሐፉን ውፍረት የሚወስነው ታሪኩ ብቻ አይደለም፤ ወረቀት ስላልበቃ ሁለት ምዕራፍ የተቆረጠበት መጽሐፍ በየመደርደሪያው አለ።

የታተመው ሲመጣ በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ይመጣል። አከፋፋዮች ከሽፋኑ ዋጋ ላይ ትልቅ ድርሻ ይወስዳሉ፤ መጽሐፍ አዟሪዎቹም የማይታወቅ ስም ለመሸከም አይቸኩሉም። ትከሻቸው ላይ የሚደረድሩት «ኦሮማይ»ን፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ንና የትርጉም መጻሕፍትን ነው፤ እነዚህ ይሸጣሉ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ያሉት ባልደረቦች ናቸው። መጽሐፉን ይወስዳሉ፤ ደራሲው በፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ስማቸውን ይመዘግባል፤ ሒሳቡ የሚከፈለው ደመወዝ ሲወጣ ነው።